የወገቤ ኮሪደር

ቸርችል ጎዳናን ሽቅብ ስወጣ ደህና ነኝ። ቁልቁል ወደ ለገሃር ስወርድ ግን እግሬ ይደነዝዛል፣ ባቴ ይቃጠላል፣ ያገኘሁትን የመብራት ምሰሶ አቅፌ እቆማለሁ። ሚስቴ «ዳገት የማያቅተው፣ ቁልቁለት የሚያቅተው በሽተኛ አንተን አየሁ» ትለኛለች። የአከርካሪ ቦይ መጥበብ ጠባዩ ይኸው ነው፤ ጎንበስ ሲሉ ቦዩ ከፈት ይላል፣ ቀጥ ሲሉ ነርቩን ይጨምቃል። ዳገት የሚወጣ ሰው ደግሞ ሳያውቀው ጎንበስ ይላል። ሱፐርማርኬት ገብቼ ባዶ ጋሪ ተደግፌ የምንሸራሸረውም ለዚሁ ነው፤ ጥበቃው ግን ነገሬ አላማረውም።

ኤምአርአይ ተነሣሁ። ሐኪሙ በእስክሪብቶው ጫፍ አራተኛውና አምስተኛው የወገብ አጥንቴ መካከል ነካ ነካ አደረገና «እዚህ ጋ ጠቧል» አለ። ዲስኩ ከፊት ገፍቶ፣ ጅማቱ ከኋላ ወፍሮ፣ መገጣጠሚያው ከጎን አብጦ፣ ሁሉም በየፊናው አጥሩን አስፍቶ የነርቮቼን መንገድ ይዞታል። መፍትሔው ከኋላ ያለውን አጥንት አንስቶ መንገዱን ማስፋት ነው፤ ላሚኔክቶሚ ይሉታል። የኮሪደር ልማት ወገቤ ድረስ ዘለቀ ማለት ነው። ልዩነቱ፣ እዚህ ከፋዩ ራሱ ተነሺው መሆኑ ብቻ ነው።

የቀዶ ጥገናው ቀጠሮ ለሰኞ ከተያዘ በኋላ ሐኪሙ አስቋሚ፣ ዘመድ ጎረቤቱ አስጀማሪ ሆኑብኝ። ሐኪሙ ደም ያቀጥናል ብሎ አስፒሪኔን ከሳምንት በፊት አስቆመኝ። አማቴ በዚያው ቀን ነጭ ሽንኩርት በማር አንድ ብልቃጥ ይዘው መጡ። «ይኼም ደም ያቀጥናል ብለውኛል፣ እማማ» ብላቸው፣ «ታዲያ ወፍራም ደም ምን ያደርግልሃል፣ ልጄ?» አሉኝ። አንድ ወዳጄ ደግሞ ወጌሻ ላምጣልህ አለ። ቁርጭምጭሚቱ ወለም ላለው ሰው ወጌሻ አይጠላም፤ አከርካሪዬን ግን ለማንም አላሳሽም። መካሪ እንዲህ በዝቶልኝ ሳለ፣ «ደም የሚለግስ ሰው አምጣ» የተባልኩ ዕለት ግማሹ ግፊት አለብኝ አለ፣ ግማሹ ክፍለ ሀገር ሄደ።

ማደንዘዣ የምትሰጠው ልጅ ቀድማ መረመረችኝ። «አባባ፣ አፍዎን ይክፈቱ። ምላስዎን ያውጡ። የሚወልቅ ጥርስ አለዎት?»

የታመምኩት ወገቤን መሆኑን አስታወስኳት። ሳቀችና፣ ሙሉ ማደንዘዣ ሲሰጥ መተንፈሻ ቱቦ በአፍ እንደሚገባ፣ የተነቃነቀ ጥርስ ካለ ተነቅሎ ወደ ሳንባ ሊወርድ እንደሚችል ነገረችኝ። ያን ሌሊት ጥርሶቼን አንድ በአንድ በምላሴ ስገፋ አደርኩ። እስከዚያ ድረስ የሚነቃነቅ አልነበረኝም።

ከእኩለ ሌሊት በኋላ ምግብ እንደማይቀመስም ነገረችኝ። «እሱ አያሳስብሽ፤ ሁዳዴን እስከ ዘጠኝ ሰዓት የምጾም ሰው ነኝ» አልኳት። ቡናስ? ወተት የሌለው ከሆነ፣ ቀዶ ጥገናው 2 ሰዓት እስኪቀረው ድረስ ትንሽ ይቻላል አለች። ደስታዬ ቤት እስክደርስ ነበር። ሚስቴ «ቡና እየተጠጣ ደግሞ ምን ጾም አለ!» ብላ ጀበናውን ቁም ሳጥን ላይ ሰቀለችው።

ከኦፕራሲዮኑ በኋላ ለሳምንታት ማጎንበስ፣ ከባድ ዕቃ ማንሣትና ወገብ መጠምዘዝ ክልክል ነው። ከአልጋ የሚነሡትም በጎን ተገልብጠው፣ እግር አውርደው፣ በክንድ ተደግፈው ነው፤ ከአሁኑ እየተለማመድኩ ነው። በርጩማ ላይ መቀመጥ ቀረ። ለታላቅ ጎንበስ ብሎ ሰላምታ መስጠትም ቀረ። ዕድሜ ልኬን ተግደርድሬ የማላውቅ ሰው፣ የትምክህት ፈቃድ በሐኪም ወረቀት አገኘሁ።

ከሁሉ በላይ ተዘጋጅቶ የመጣው ግን የእድራችን ዳኛ ነው። ብርቱካን ይዞ ገባ፣ እግዜር ይማርህ አለኝ፣ «አሁን ይሄ ምን አለው? ዘመኑ ሠልጥኗል» ብሎ አጽናናኝ። ሊወጣ ሲል በሩ ላይ ቆመና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «እንዲያው ለነገሩ ያህል፣ ያለብህን ውዝፍ ሰኞ ሳትገባ ብትዘጋው ጥሩ ነው።»

የሚመጣውን ዓመት ጭምር ከፈልኩት።