በሚቀጥለው ስላይድ እንደምንመለከተው

ከሚዛን ተፈሪ እስከ ቴፒ ባለው የቡና አገር ለገበሬ ስለ ቡና ጥራት ስልጠና ሊሰጥ ያሰበ ሰው ከሁሉ በፊት አዳራሹ ውስጥ አንዲት የቡና ፍሬ እንኳ አለመኖሯን ያረጋግጥ። ፍሬ ካለ ሰው ያያል፣ ይነካል፣ ያሸታል፤ የነካውን ያስታውሳል፣ ሲያስታውስም ጥያቄ ያነሳል። ይህን ሁሉ ጣጣ አንድ ፕሮጀክተር ያስቀረዋል። መጋረጃው ይዘጋል፣ ግድግዳው ላይ በእንግሊዝኛ የተጻፈ ሃያ መስመር ይወጣል፣ አቅራቢውም ለታዳሚው ጀርባውን ሰጥቶ ያነባል። በመሃል «ከኋላ ላላችሁ ላይታይ ይችላል» ይላል። እንደማይታይ እያወቀ ማምጣቱ የደግነቱ ምልክት ነው፤ ማንንም በንባብ ማስጨነቅ አልፈለገም። ስላይዱ በእንግሊዝኛ፣ ማብራሪያው በአማርኛ፣ አድማጩ ቤት የሚነገረው ቤንችኛ ወይም ሸኮኛ ሲሆን ደግሞ ሦስት ቋንቋ አቋርጦ የሚደርስ መልእክት ስለማይኖር የሚረሳም ነገር አይኖርም።

የጥበቡ ልክ የሚታወቀው በቀይ እሸት ጉዳይ ነው። ትምህርቱ አጭር ነው፦ ቀዩን ብቻ መልቀም፣ አረንጓዴውን ለሚቀጥለው ዙር መተው፣ መሬት ላይ አለማስጣት፣ ከፍ ባለ የማድረቂያ አልጋ ላይ እያገላበጡ እርጥበቱ ወደ 11 ወይም 12 በመቶ እስኪወርድ መጠበቅ። አንድ ቸኩሎ አዋቂ ግን ቀይ ፍሬ ብቻ ከተለቀመበት ቡናና ተሸምጥጦ ከተለቀመው በየተራ አስቆልቶ፣ በሁለት ጀበና አስፈልቶ «ቅመሱና ፍረዱ» ሊል ይችላል። እንዲህ ዓይነቱ ሰው አደገኛ ነው። ትምህርቱ ረፋድ ላይ ያልቃል፤ የሁለተኛው ቀን አበል በምን ይወራረዳል? ስለዚህ መጀመሪያ መግቢያ፣ ከዚያ ዓላማ፣ ከዚያ ዝርዝር ዓላማ ይቀርባል፤ ለከፋ ጎረቤቶች የካልዲና የፍየሎቹ ተረት እንደ አዲስ ዜና ይነገራል። ቀዩ እሸት ላይ ሲደረስ «ከሰዓት አኳያ ይህን እንለፈው» ይባልና ወደ ሻይ እረፍት ይኬዳል።

«ቡና ሳይንስ ነው፤ ሳይንስን በቅምሻና በጨዋታ ማቅረብ ማቅለል ነው» የሚል ይኖራል። እስቲ በጌሻ ቡና እንፍረድ። በ1930ዎቹ (እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር) ከዚሁ ደቡብ ምዕራብ ደን የተለቀመው ዘር በኬንያ፣ በታንዛኒያና በኮስታሪካ አልፎ ፓናማ ደረሰ። በ2004 እዚያ በተደረገው ውድድር አሸንፎ በጨረታ አንዱ ፓውንድ 21 ዶላር አወጣ፤ በጊዜው ክብረ ወሰን ነበር። ዳኞቹ የተሰጣቸው ሲኒ ነው። ዝርዝር ዓላማ ቀርቦላቸው ቢሆን ኖሮ ሲኒው በቀዘቀዘ፣ ጌሻም ዛሬ ከተራ ቡና ጋር ተቀላቅሎ በተሸጠ ነበር። ጉዳዩ መቅለሉ ሳይሆን መድረሱ ነው።

«ጥፋቱ የመሣሪያው አይደለም» ለሚለው ግን እሺ እላለሁ። በአገራችን ለመጀመሪያ ጊዜ በ1971 (በፈረንጆቹ) የታየው የቡና ፍሬ በሽታ በእጅ ይዘው ሊያዞሩት የማይመች ስለሆነ፣ አረንጓዴው ፍሬ ላይ የሚያወጣውን ጠቆር ያለ ስርጉድ ቁስል ግድግዳውን ሞልቶ የሚያሳይ አንድ ፎቶ ከመቶ ቃል ይበልጣል። ፎቶው አይጠፋም፤ በጽሑፉ መሃል ቴምብር አክሎ ተለጥፎ ይገኛል። አቅራቢውም «ይህ እንኳ ግልጽ ነው» ብሎ ያልፈዋል።

ለነገሩ ይህን ሁሉ የሚወቅስ ሰው የስልጠናውን እውነተኛ አድማጭ አላወቀም። አድማጩ ከፊት ወንበር የተቀመጡት አባት አይደሉም፤ ሪፖርቱ ነው። ሪፖርት አያንቀላፋም፣ አይጠይቅም፣ በለቀማ ጊዜም የሚፈተን እጅ የለውም። የሚፈልገው የታዳሚ ፊርማ፣ የባነር ፎቶና «ግንዛቤ ተፈጥሯል» የምትል ዓረፍተ ነገር ነው፤ እነሱ ደግሞ አንድም ቀን ጎድለው አያውቁም። ገበሬው በመጪው ለቀማ ቀዩንም አረንጓዴውንም አብሮ ቢሸመጥጥ አቅራቢውን የሚከስ እንዳይኖር፤ ስላይዱ ላይ ተጽፎለት ነበር።