በቅድሚያ የመታመም ግዴታ አዋጅ

አዋጅ! አዋጅ! ያልሰማህ ስማ፤ የሰማህ ላልሰማ አሰማ! ወደ ታላቋ ብሪታንያ ለሥራ ለመሻገር የቅጥር ደብዳቤ የያዝክ፣ ስፖንሰር ያገኘሽ፣ የእንግሊዝኛ ፈተና ያለፋችሁ፣ ሻንጣችሁን ከቁም ሳጥን ላይ ያወረዳችሁ ሁሉ፣ ይህ ቃል ለእናንተ ነው።

በደጃችን ቆመው ቪዛ የሚጠይቁ ሰዎች ቁጥራቸው ብዙ፣ በምርጫ ቀን የሚሰጡት ድምፅ ግን ምንም ሆኖ በመገኘቱ፤ የአገሬውን ግብር መጨመር ከወንበር የሚያስነሳ፣ የመጤውን ክፍያ መጨመር ግን ማንንም የማያስቀይም መሆኑ በመረጋገጡ፤ ማንኛውም ክፍያ የጤና ስም ሲሰጠው የሚቃወመው ሰው ጨካኝ መስሎ ስለሚታይ፤ የሚከተለው ታውጇል። በዚህ አዋጅ የተጠቀሱ ዓመታት ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው፤ ከዚህ የተለየው በቦታው ይገለጻል።

አንቀጽ 1፦ ታሪካዊ መነሻ

ብሔራዊው የጤና አገልግሎት፣ ሁሉም ኤን ኤች ኤስ እያለ የሚጠራው፣ ሥራ የጀመረው ጁላይ 5 ቀን 1948 ነው። መሥራቹ የጤና ሚኒስትር አኑሪን ቤቫን የታመመ ሰው ሐኪም ፊት ሲቀርብ የኪስ ቦርሳውን እንዳያስብ አድርገው አደራጁት፤ በ1951 መንግሥታቸው ለሰው ሠራሽ ጥርስና ለመነጽር ክፍያ ሊያስከፍል ሲነሳ ደግሞ ሥልጣናቸውን ለቀቁ። እኛ ለእኚህ ሰው ያለን አክብሮት ከፍ ያለ ስለሆነ ሐሳባቸውን አልነካንም። የታመመ ሰው ሲታከም አሁንም የኪስ ቦርሳውን አይከፍትም፤ የሚከፍተው ከመታመሙ በፊት፣ ከመምጣቱም በፊት፣ ገና ቪዛ ሲጠይቅ ነው። በ2014 በወጣው የኢሚግሬሽን ሕግ መሠረት ከኤፕሪል 2015 ጀምሮ በዓመት 200 ፓውንድ የጤና ቀረጥ እንዲከፈል ተደረገ። በጃንዋሪ 2019 ክፍያው 400፣ በኦክቶበር 2020 624፣ በፌብሯሪ 2024 ደግሞ 1,035 ፓውንድ ገባ። ዘጠኝ ዓመት ባልሞላ ጊዜ ከአምስት እጥፍ በላይ አድጓል ማለት ነው። በእነዚህ ዓመታት የመጤው አካል በአምስት እጥፍ እንዳልታመመ እናውቃለን፤ ትኩሳቱ የወጣው ዋጋው ላይ ብቻ ነው።

አንቀጽ 2፦ ስለ አከፋፈሉ

ቀረጡ በየወሩ ወይም በየዓመቱ አይከፈልም። አመልካቹ የጠየቀው ቪዛ ስንት ዓመት ከሆነ የዚያን ሁሉ ዓመት በአንድ ጊዜ፣ ከማመልከቻው ጋር ያስገባል፤ ካልከፈለ ማመልከቻው አይታይለትም። ስለዚህ የአምስት ዓመት የሥራ ቪዛ የሚፈልግ ሰው 5,175 ፓውንድ ይቆጥራል። የትዳር ጓደኛውን ካስከተለ ሌላ 5,175 ይጨምራል። ለልጆች ቅናሽ አድርገናል፤ ለእያንዳንዱ ልጅ በዓመት 776 ብቻ ነው። ባል፣ ሚስትና ሁለት ልጆች በድምሩ 18,110 ፓውንድ ከከፈሉ በኋላ በነጻ ይታከማሉ። የቪዛው የራሱ ማመልከቻ ክፍያ በዚህ ውስጥ የለም፤ የአውሮፕላኑና የቤት ኪራዩም የለም። ይህን ሁሉ የሚያወጣው ሰው የመጀመሪያ ደመወዙን ገና አላየም፤ ገንዘቡን በብር የሚያጠራቅም ከሆነም ሒሳቡን ራሱ ያውቀዋል። ስለ ጊዜ አቆጣጠር ግልጽ ለመሆን ያህል፣ ከሙሉ ዓመታት በላይ የተረፈው ጊዜ ከስድስት ወር ካነሰ የግማሽ ዓመት፣ ከበለጠ የሙሉ ዓመት ይከፈልበታል። በእናንተ አገር ዓመት አሥራ ሦስት ወር ቢኖረውም በእኛ መዝገብ ሰባት ወርም ዓመት ነው። ማመልከቻው ውድቅ ከተደረገ ገንዘቡ ይመለሳል፤ ቪዛው ተሰጥቶ አመልካቹ ሐሳቡን ቀይሮ ቢቀር ወይም በሁለተኛው ዓመት ሥራውን ትቶ አገሩ ቢገባ ግን አይመለስም። ላልኖረበት ሦስት ዓመት ልናክመው ተዘጋጅተን ነበርና፣ ዝግጅታችን ከንቱ ሊቀር አይገባም።

አንቀጽ 3፦ ጤነኛ መሆን ከክፍያ ነጻ ስላለማድረጉ

ከኢትዮጵያ ተነሥቶ ከስድስት ወር በላይ ለመቆየት የሚያመለክት ሰው አስቀድሞ የቲቢ ምርመራ አድርጎ ከበሽታው ነጻ መሆኑን የሚያሳይ ማስረጃ ማቅረብ አለበት፤ ምርመራውም በገንዘቡ ነው። በዚህ መሠረት አመልካቹ በመጀመሪያ ጤነኛ መሆኑን ለማስመስከር፣ ቀጥሎም ታማሚ ሊሆን እንደሚችል ለማመን ይከፍላል። የግል የጤና ኢንሹራንስ ያለው ወይም መሥሪያ ቤቱ የሚገዛለት ሰውም ከቀረጡ ነጻ አይሆንም። እንግሊዝ ውስጥ መድኃኒት ሲታዘዝለት እንደ አገሬው ሁሉ በአንድ መድኃኒት ከ2024 ጀምሮ 9.90 ፓውንድ ይጠየቃል፤ ጥርሱን ሲታከምም የተለመደው ክፍያ አለ። አንድ ሰው ኢንሹራንስ ሲገዛ ሻጩ ዕድሜውን፣ የጤናውን ሁኔታና ሌላ ዋስትና እንዳለው ይጠይቃል። እኛ የምንጠይቀው የቪዛውን ርዝመት ብቻ ነው። የሕክምና ዋጋ የምንተምን ብንሆን ኖሮ ስለ አመልካቹ ጤና አንድ ጥያቄ እንኳ ባነሳን ነበር። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ነው።

አንቀጽ 4፦ «ግብር እንከፍላለን» ለሚሉ

አንዳንዶች «ሥራ ከጀመርን በኋላ እንደማንኛውም ሠራተኛ ግብር ይቆረጥብናል፤ ታዲያ ለአንድ ሕክምና ለምን ሁለት ጊዜ እንከፍላለን?» ይላሉ። ጥያቄው ከባድ ስለሆነ በጥሞና እንመልሳለን። የኤን ኤች ኤስ በጀት በአብዛኛው የሚመጣው ከአጠቃላይ ግብር ነው። እንግሊዝ የሚሠራ መጤ ደመወዙ ከ12,570 ፓውንድ ሲያልፍ ከትርፉ ላይ 20 በመቶ የገቢ ግብር፣ በዚያ ላይ 8 በመቶ ናሽናል ኢንሹራንስ ይቆረጥበታል፤ ደመወዙ ሲያድግ የግብሩ እርከንም ያድጋል፤ ዕቃ ሲገዛ ደግሞ ተጨማሪ እሴት ታክስ አለበት። አጠገቡ የተቀመጠው የአገሬው ተወላጅ የሚከፍለውም ይህንኑ ነው። መንግሥት በበኩሉ የቀረጡን ልክ የሚተምነው አንድ ከፋይ በአማካይ ለሕክምና የሚያስወጣውን ገንዘብ መሠረት አድርጎ እንደሆነ ይናገራል። እንግዲህ ቀረጡ ወጪውን አስቀድሞ ከሸፈነ፣ ከመጤው ደመወዝ በየወሩ ከሚቆረጠው ውስጥ የጤናው ድርሻ የማን ሕክምና ይሆናል? የሌላ ሰው ነው። የለም፣ ግብሩ የራሱን ሕክምና ይሸፍናል ከተባለ ደግሞ ቀረጡ ምን ሊሠራ ተሰበሰበ? ከሁለቱ አንዱ ትርፍ ነው። የትኛው እንደሆነ የመናገር ግዴታ የለብንም፤ ሁለቱንም የመውሰድ ሥልጣን ግን አለን።

አንቀጽ 5፦ ስለ ዕድሜ ልክ መዋጮ

ከመከራከሪያዎቻችን ሁሉ የሚያኮራን ይህ ነው፦ የአገሬው ሰው ዕድሜውን ሙሉ ሲያዋጣ ኖሯል፤ ትናንት ከአውሮፕላን የወረደ ሰው ዛሬ ከእሱ እኩል መታከሙ ፍትሐዊ አይደለም። ይህ ክርክር ክብደት አለው፤ በፌዝ ብቻ የሚታለፍም አይደለም። እድር እንኳ አዲስ አባል ሲቀበል መግቢያ ይጠይቃል። ችግሩ እድር መግቢያውን ከተቀበለ በኋላ ሰውየውን አባል ማድረጉ ነው። ከዚያ ወዲያ ወርኃዊ መዋጮው ከሌላው እኩል ነው፤ ዳግመኛ መግቢያ አምጣ አይባልም። እኛ ዘንድ ግን ቪዛው በታደሰ ቁጥር መግቢያው እንደ አዲስ ይከፈላል፤ አምስት ዓመት ሙሉ ግብር ሲገብር የኖረ ሰው ለእድሳት ሲመጣ ትናንት እንደደረሰ ይቆጠራል። ደግሞም መለኪያችን ያለፈ መዋጮ ቢሆን ኖሮ፣ ሠላሳ ዓመት ውጭ አገር ኖሮ፣ ግብሩንም እዚያው ሲከፍል ቆይቶ ጠቅልሎ የተመለሰ ብሪታንያዊ ቀድሞ በተጠየቀ ነበር። እሱ ግን ለመኖር ከተመለሰበት ቀን ጀምሮ ያለ ቀረጥ ይታከማል። ስለዚህ የመዋጮን ነገር የምናነሳው ለንግግር ማሳመሪያ ነው፤ በሚዛኑ ላይ የሚቀመጠው ፓስፖርት ነው።

አንቀጽ 6፦ በ2020 ስለተፈጸመው መዘናጋት

በኤፕሪል 2020 ጠቅላይ ሚኒስትር ቦሪስ ጆንሰን በኮቪድ ታመው ለንደን በሚገኘው ሴንት ቶማስ ሆስፒታል ተኙ። ድነው ሲወጡ በስም ጠርተው ካመሰገኗቸው ነርሶች አንዷ ከኒውዚላንድ፣ አንዱ ከፖርቱጋል የመጡ ነበሩ። ሜይ 20 ቀን በፓርላማ የውጭ አገር የጤና ሠራተኞች ከቀረጡ ነጻ ይደረጉ ተብለው ሲጠየቁ፣ ገንዘቡ ያስፈልጋል ብለው ተከራከሩ፤ በማግሥቱ ነጻ ይሁኑ ብለው አዘዙ። ከዚያው ዓመት ኦገስት ጀምሮም የጤናና የእንክብካቤ ቪዛ ያላቸው ሰዎች ከነቤተሰባቸው አይከፍሉም። ያሳዘነን የቀረብን ገንዘብ አይደለም፤ ምሥጢራችን መውጣቱ ነው። የቀረጡ ምክንያት የሕክምና ወጪ ከሆነ ነርስም ትታመማለች፣ ልጇም ይሳላል። እሷን ነጻ ያወጣት ሕዝቡ በየበሩ ወጥቶ ስላጨበጨበላት ነው። መሐንዲሱ፣ የሶፍትዌር ባለሙያውና የምግብ አብሳዩ የሚያጨበጭብላቸው አላገኙም፤ ስለዚህ ከፈሉ። ለኢትዮጵያውያን ደግሞ ነገሩ ሌላ ቋጠሮ አለው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2023 የጤና ባለሙያ እጥረታቸው አሳሳቢ ነው ካላቸው 55 አገሮች አንዷ ኢትዮጵያ ናት፤ በብሪታንያ የምልመላ ደንብ መሠረት አሠሪዎች በእነዚህ አገሮች እየዞሩ ባለሙያ አይመለምሉም፤ በራሱ ተነሳስቶ ያመለከተ ግን አይከለከልም። ደንቡ የአዲስ አበባንና የጎንደርን ሆስፒታሎች ስለሚጠብቅ ክፉ አይደለም። ውጤቱ ግን ይህ ነው፦ ከቀረጥ ነጻ የሆነችውን ነርስ ሄደን አንጠራትም፤ የምንጠራውን መሐንዲስ ከቀረጥ ነጻ አናደርገውም።

አንቀጽ 7፦ ስለ አሠሪውና ስለ «ያልፈለገ ይቅር»

በኢትዮጵያ አቆጣጠር በ2008 ዓ.ም. የወጣው የውጭ አገር ሥራ ስምሪት አዋጅ ቁጥር 923 የመዳረሻውን አገር የቪዛ ክፍያና የኢንሹራንስ ወጪ በአሠሪው ላይ ጥሏል። በተለይ ወደ ዓረብ አገር የሚሄዱ እህቶቻችንን አስቦ የወጣው ይህ ሕግ በአፈጻጸሙ ብዙ ቢታማም ሐሳቡ ግልጽ ነው፦ ሠራተኛ የፈለገ ማምጫውን ይቻል። እኛም ይህን ሐሳብ አናጣውም። ብሪታንያዊ አሠሪ የውጭ አገር ሠራተኛ ሲቀጥር የሚከፍለው ሌላ የክህሎት ቀረጥ አለ፤ እሱን ወደ ሠራተኛው እንዳያዞር ተከልክሏል። የጤናው ቀረጥ ላይ ግን እንዲህ ያለ ክልከላ አልጻፍንም፤ ደግ አሠሪ ይከፍላል፣ ሌላው ለሠራተኛው ይተዋል። ክልከላው እንዴት እንደሚጻፍ ስለማናውቅ እንዳልሆነ አንባቢ ልብ ይላል። በዚህ ቅር የሚሰኝ ቢኖር «ያልፈለገ ይቅር፤ ማን አስገደደው?» ብለን እንመልሳለን። ይህ መልስ ተሸንፎ አያውቅም፤ አንድ ሺህ ፓውንድንም አሥር ሺህ ፓውንድንም በእኩል ያስረዳል። ዋጋው ልክ መሆኑን ግን አያስረዳም፤ ስለዚህ የምናወጣው ሌላ መልስ ሲያልቅብን ብቻ ነው።

አንቀጽ 8፦ ስለ ገቢው

በጁላይ 2023 ጠቅላይ ሚኒስትር ሪሺ ሱናክ ለሐኪሞች፣ ለመምህራንና ለሌሎች የመንግሥት ሠራተኞች የተፈቀደውን የደመወዝ ጭማሪ ለመሸፈን ከሚረዱት መካከል የቪዛ ክፍያና የጤና ቀረጡ ጭማሪ እንደሚገኙበት በይፋ ተናገሩ። ሐኪም ጥሩ ደመወዝ ማግኘቱ የሚደገፍ ነው፤ የቀረጡ ገንዘብ ወደ ጤና በጀት መግባቱም እውነት ነው። ነገር ግን ጭማሪው የታሰበው መጤው ስንት ታክሞ ተገኘ ተብሎ ሳይሆን፣ ግብር ሳይጨመርና ብድር ሳይወሰድ ገንዘቡ ከየት ይምጣ ተብሎ ነው። የአገሬው ግብር ከፋይ በምርጫ ይቆጣል፤ አበዳሪ ወለድ ይጠይቃል፤ ቪዛ ጠያቂ ግን ከደጅ ነው፣ ቢናደድም እየከፈለ ነው። የመንግሥት ግምጃ ቤት ከዚህ የተሻለ ወዳጅ አያገኝም።

አንቀጽ 9፦ የተከለከሉ ሐሳቦች

የሚከተሉትን ማሰብ፣ መናገርም ሆነ ለፓርላማ አባል መጻፍ ለአዋጁ አደጋ ስለሆነ ተከልክሏል። አንደኛ፣ ቀረጡ በየወሩ ከደመወዝ ይቆረጥ ማለት፤ እንዲህ ከሆነ ሠራተኛው አራጣ ሳይበደር ይመጣል። ሁለተኛ፣ አገሩን ቀድሞ ለለቀቀ ሰው ያልኖረበት ዓመት ይመለስለት ማለት፤ ኢንሹራንስ ሲሰረዝ የቀሪውን ጊዜ ክፍያ የሚመልስ ድርጅት ሁሉ ሊያሳፍረን ይችላል። ሦስተኛ፣ ግብር መክፈል የጀመረ ሠራተኛ ቪዛውን ሲያድስ ዳግም አይጠየቅ ማለት፤ ይህ የአንቀጽ 4ን ጥያቄ ያስነሳል። አራተኛ፣ አሠሪው ይክፈል፣ ወደ ሠራተኛውም አያዙር ማለት፤ ቃላቱ ቀድሞ ስለተጻፉ ለመቅዳት እጅግ ቀላል ነው። በመጨረሻም ገንዘቡ የሚሰበሰበው ለመግቢያ ከሆነ የመግቢያ ክፍያ ተብሎ ይጠራ፣ ልኩም በግልጽ ክርክር ይወሰን ማለት በጥብቅ ተከልክሏል፤ የጤና ስም ከላዩ ከተነሳ ማንም ሒሳቡን ቁጭ ብሎ ያያልና።

አንቀጽ 10፦ አዋጁ የሚጸናበት ጊዜ

ይህ አዋጅ ከታወጀበት ቀን ጀምሮ፣ ከፋዮቹ ድምፅ መስጠት እስከሚችሉበት ቀን ድረስ የጸና ይሆናል። ዋጋው ግን ከዚያ በፊት በማናቸውም ጊዜ ሊጨምር ይችላል።