ለአንድ ሰው ብቻ

ወርቅ ፍለጋ የገባሁት በሐኪም ትእዛዝ ነው። «እንቅስቃሴ አብዛ» አለኝ። ሩጫ አልወድም፤ ጂም ቤት ያሉት ወጣቶች ደግሞ ቦርጬን እያዩ ያዝኑልኛል። ወርቅ ማጠብ ግን ሰውን ጎንበስ ቀና እያደረገ የሀብት ተስፋም ይሰጣል። እስቲ የትኛው ጂም ነው ይህን የሚሰጠው?

የምኖረው ኮሎራዶ፣ አውሮራ ስለሆነ ወርቅ አለበት የሚባል ወንዝ አይቸግረኝም። የቸገረኝ የቱ ጋ እንደምቆፍር ነበር። መጀመሪያ የመረጥኩት ጎልደን የምትባለውን ከተማ ነው፤ በስሟ። አረንጓዴ የፕላስቲክ ሳህን ገዝቼ፣ ቦቲ ጫማ ተውሼ ከሄድኩ በኋላ ነው ከተማዋ የተሰየመችው በወርቅ ሳይሆን ቶማስ ጎልደን በተባለ ሰው መሆኑን ያወቅሁት። ጎረቤቴ ወርቅነህ ይባላል ብዬ ጓሮውን ብቆፍር ከዚህ በምን ይለያል?

ደግነቱ በከተማዋ መሀል የሚወርደው ክሊር ክሪክ እውነተኛ ወርቅ ያለው ወንዝ ነው። እ.ኤ.አ. በጥር 1859 ጆርጅ ጃክሰን የሚባል ሰው ከጎልደን ሽቅብ፣ ዛሬ አይዳሆ ስፕሪንግስ ያለችበት ቦታ ደርሶ፣ በበረዶ የጠጠረውን መሬት በእሳት አቅልጦ አፈሩን በመጠጫ ኩባያው አጠበ። ወርቅ ወጣለት። ከዚያ ጉድጓዱን ደፍኖ፣ ምልክት አድርጎ እስከ ጸደይ ዝም አለ! የነገረው ለአንድ ሰው ብቻ ነው፤ ለዚያው ለቶማስ ጎልደን። ቶማስም አፉን ዘጋ። እንዲህ ላለ ሰው ከተማ ቢሰየምለት ያንሰዋል። የእኛ ሰው ቢሆን ኖሮ ወሬው ማታውኑ ዋሽንግተን ዲሲ ደርሶ፣ ኪሎ ተጨምሮበት ይመለስ ነበር።

ቁም ነገር ያገኘሁት ከአጎቴ ነው። በወጣትነቱ አዶላ ወርቅ አጥቧል፤ ያውም በእንጨት ገበቴ። ደውዬ ስጠይቀው መጀመሪያ ሳቁን ጨረሰ። «አሜሪካ ድረስ ሄደህ አፈር ልታጥብ?» ቀጥሎ ድምፁን ዝቅ አደረገ፤ ከሃምሳ ዓመት በኋላም የሚሰማው ሰው ያለ ይመስል። «ወርቅ ከባድ ሸክም ነው፤ ወንዝ ሲደክመው ያወርደዋል። አንተ የሚደክመው የት እንደሆነ እይ።»

እውነቱን ነው። ወርቅ በመጠን እኩል ከሆነው ውሃ 19 እጥፍ ገደማ ይመዝናል፤ ተራ አሸዋ ሦስት እጥፍ እንኳን አይሞላም። ወንዙ ሲታጠፍ በውጭው ዳር ይሮጣል፣ በውስጠኛው ዳር ያዘግማል፤ ወርቁም እዚያ ይቀራል። ከትልቅ ድንጋይ ጀርባና ከሥር ባለው አለት ስንጥቅ ውስጥም እንዲሁ። ጥቁርና ከባድ አሸዋ ማየት ሲጀምሩ ደግሞ ልብ መምታት ይጀምራል።

ሆኖም ቦታ የሚመርጠው ወንዙ ብቻ አይደለም። ያለፈቃድ በሰው ይዞታ መቆፈር አይቻልም። ባለቤቴ ደግሞ መጸዳጃ ቤት በሌለበት አልውልም አለች፤ በዚህ ብቻ ግማሹ ወንዝ ወደቀ። በተረፈው መታጠፊያ አንድ ነጭ ሽማግሌ ውሃ ውስጥ ተንበርክኮ አገኘሁ። «እዚህ ምንም የለም» አለኝ ቀና ሳይል። ታዲያ ለምን እስከ ማታ አልተነሳም? የእሱ ዝምታ ከሁሉም ምልክት በለጠብኝና እሱ በሌለበት ቅዳሜ እዚያው ገባሁ።

ቀትር ላይ ሳህኑን ሳሽከረክር ጥቁሩ አሸዋ እንደ ጅራት ተዘረጋ፤ ከጫፉ ላይ ከጤፍ ፍሬ ያነሱ ሦስት ቢጫ ነጠብጣቦች ቀሩ። በእጄ ጥላ አጠላሁባቸው። ሚካ የሚባለው አብለጭላጭ ማዕድን ቢሆን ብልጭታው ይጠፋ ነበር፤ እነሱ ግን እንደ ቢጫነታቸው ናቸው። ወርቅ! የቆፈሩትን መሙላት ደንብ ቢሆንም ለሚቀጥለው ሳምንት ብዬ ጉድጓዴን እንዳለ ተውኩት።

የነገርኩት ለአንድ ሰው ብቻ ነው። አደራ ብዬዋለሁ፤ እሱም በእናቱ ምሏል።

በሳምንቱ ስደርስ አምስት መኪና ቆሟል። ልጆቹ ውሃ ይራጫሉ፣ ምንጣፍ ተነጥፏል፣ ድፎ ተቆርሷል። ወርቅ የሚያጥብ ግን አንድም ሰው የለም። «ጋሼ፣ ኑ እንጂ! አቦል ደረሰ» አለችኝ አንዷ። ትንሿ የጋዝ ምድጃ ከነጀበናዋ ጉድጓዴ ውስጥ ተቀምጣለች።

«ማን እንደቆፈረው እንጃ» አለችኝ ሲኒ እያቀበለችኝ፤ «ለንፋሱ ግን እንዴት ጥሩ መከለያ ሆነን መሰልዎት!»