ለክቡር «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም»

ባሉበት፤ መስታወት ላይ

ጉዳዩ፦ የማያሳይ መነጽርን ይመለከታል

ክቡር ሆይ፤

ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? እኛ ከናፍቆትዎና ከራስ ምታት በስተቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን።

በዚህች አገር ስንቱ ባለሥልጣን ሲሾምና ሲሻር አይተናል። እርስዎ ግን ማን እንደሾመዎት ሳይታወቅ፣ ከፒያሳ እስከ መርካቶ፣ ከጫማ ቤት እስከ ሞባይል መሸጫ፣ በቀይ ስቲከር ተለጥፈው ይገዛሉ። ሹመትዎን ነጋሪት ጋዜጣ ላይ ፈልጌ አጣሁት። ወንድምዎ «ዱቤ ዛሬ የለም»፣ እህትዎ «ለጠፋ ዕቃ ኃላፊነት አንወስድም»፣ ከሐምሌ 2016 ወዲህ ደግሞ ከየሱቁ የማይጠፉት የአክስትዎ ልጅ «ዶላር ጨምሯል»፣ ሁሉም ተከብረው ይኖራሉ። የእርስዎን ያህል የተፈራ ግን የለም። ባለሱቁ ከደንበኛ ጋር ሲከራከር ቆይቶ ነገሩ ሲከብድበት በጣቱ ወደ እርስዎ ይጠቁማል፤ በቃ፣ ፋይሉ ተዘጋ። ይግባኝ የሌለው ፍርድ እንዲህ በቀላሉ ሲሰጥ ያየሁት በእርስዎ ችሎት ብቻ ነው።

ስለ ጫማና ስለ ሸሚዝ ዛሬ አልከስዎትም። ጫማ የሚገዛ ሰው አጥልቆ፣ ወዲያ ወዲህ ተራምዶ፣ አውራ ጣቱን ከፊት ገፋ ገፋ አድርጎ ነው የሚከፍለው። የምጽፍልዎ መነጽር ቤት ስላለው መኖሪያዎ ነው። በሐኪም ትእዛዝ የሚሠራ መነጽር ሲከፈልበት ገና የለም። ያለው ፍሬሙና አንዲት ወረቀት ናት። ደንበኛው ቀብድ ከፍሎ ይሄዳል፤ ሌንሱ ይታዘዛል፣ ይቆረጣል፣ ፍሬሙ ውስጥ ይገባል። እርስዎ «የተሸጠ ዕቃ» የሚሉት ነገር ሲሸጥ ዕቃ አልነበረም ማለት ነው። ገዢው አይቶ አልገዛውም፤ ሊያይበት ነው የገዛው።

ለዚህ ደብዳቤ ያነሳሳኝ ስሙን የማልጠራው አንድ መነጽር ቤት ነው። ጋዜጣ የሚርቅበትና ክንድ የሚያጥርበት ዕድሜ ላይ ስለደረስኩ፣ ሩቁንም ቅርቡንም ያሳያል የተባለ ፕሮግረሲቭ አዘዝኩ። ደረሰ ተብሎ ተደወለልኝ፤ ሄጄ አደረግሁት። ከበሩ ፊት ደረጃ አለ፤ እኔ ያየሁት ግን ቁልቁለት ነው። አስፋልቱ መሃሉ ላይ አብጧል፣ የመብራት ምሰሶው ሰላም ሊለኝ ፈልጎ ጎንበስ ብሏል። ሚኒባስ ልሳፈር እግሬን ሳነሳ መርገጫውን ሳትኩትና ወያላው ክንዴን ይዞ አስገባኝ፤ «አይዞህ ፋዘር» አለኝ። (ፋዘር መባል ራሱን የቻለ ካሳ ያስጠይቃል፤ እሱን በሌላ ደብዳቤ እመጣበታለሁ።) በማግስቱ ተመልሼ መነጽር ቤት ውስጥ ለምታስተናግደው ልጅ ነገርኳት።

«ጋሼ፣ አዲስ ስለሆነ ነው። ይለምዱታል።»

«መቼ?»

«ሁለት ሳምንት ይታገሱ።»

ልጅቷን በዚህ አልወቅሳትም፤ ሐሰት አልተናገረችም። ፕሮግረሲቭ ጠርዝ ጠርዙ ይደበዝዛል፤ ያደረገው ሰው በዓይኑ ብቻ ሳይሆን በአንገቱም ማየትን መማር አለበት፤ ይህን እስኪለምድ ቀናት፣ አንዳንዴም ሁለት ሳምንት ገደማ ይፈጅበታል። የአስቲግማቲዝም ቁጥሩ የተቀየረበት ሰውም ወለሉ ዘንበል ሲልበት ይሰነብታል። እኔን ያስጨነቀኝ ሒሳቡ ነው።

በ2006 የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813 አንድ ነገር ይላል፤ እርስዎ መቼም አላነበቡትም። ሸማቹ በገዛው ዕቃ ላይ ጉድለት ካገኘ፣ ከገዛበት ቀን አንስቶ በ15 ቀን ውስጥ ዕቃውን መልሶ፣ ወይ እንዲለወጥለት ወይ ገንዘቡ እንዲመለስለት መጠየቅ ይችላል። ጉድለት ያለበት አገልግሎት ያገኘም እንዲሁ፣ ያለ ክፍያ እንዲደገምለት ወይም የከፈለው እንዲመለስለት ይጠይቃል። እንግዲህ ከ15ቱ ቀን ላይ «ሁለት ሳምንት ይታገሱ»ን ይቀንሱልኝ። የምትተርፈው አንዲት ቀን ናት፤ እሷም እሁድ ላይ ልትውል ትችላለች። ቀኑ መቆጠር ያለበት ቀብዱ ከተከፈለበት ነው ብሎ የሚሟገት ባለሱቅ ከመጣማ፣ ሌንሱም ሳምንት ቆይቶ ከደረሰ፣ ደንበኛው ትዕግሥቱን ሳይጨርስ መብቱ አልቆ ይጠብቀዋል። «ይለምዱታል» የሚባል ረዳት እንዳለዎት የገባኝ ያኔ ነው። እርስዎ በሩን ይዘጋሉ፤ እሱ ደግሞ ሰው በሩ ላይ በጊዜ እንዳይደርስ መንገድ ላይ ያዘገያል።

ልማድ የሚፈታው ነገር አለ፤ ልማድ የማይፈታውም አለ። ሁለቱን ለመለየት ሁለት ሳምንት አያስፈልግም። እርስዎ ከተለጠፉበት መስታወት ጀርባ ሌንሶሜትር የሚባል መሣሪያ አለ። የተሠራው ሌንስ እዚያ ላይ ይቀመጥና ቁጥሩን፣ ሲሊንደሩን (የአስቲግማቲዝሙን መጠን) እና አክሲሱን (አቅጣጫውን) ያነባል። ከዚያ ከሐኪሙ ወረቀት ጋር ማመሳከር ነው፤ የደቂቃዎች ሥራ። ከገጠመ ገጠመ። ካልገጠመ ያ ሌንስ ለእኔ አልተሠራም፤ የማላውቀው ሰው መነጽር ነው፤ የሰው መነጽር ደግሞ አይለመድም። አክሲሱ በ30 ዲግሪ ተጣሞ ከተገጠመ የሚቀረው የአስቲግማቲዝም መጠን ያለ መነጽር ከነበረው ጋር እኩል ነው። ሰውየው ገንዘቡን ከፍሎ፣ አፍንጫው ላይ ሸክም ጨምሮ፣ ወደነበረበት ተመለሰ ማለት ነው። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ እንኳ ስለ ሽያጭ ሲናገር፣ ዕቃው በውሉ ለታሰበለት የተለየ አገልግሎት የማይሆን ከሆነ ሻጩ ይጠየቅበታል ይላል። በስምና በቁጥር ከተጻፈ የሐኪም ወረቀት የበለጠ «የተለየ አገልግሎት» ከየት ይምጣ?

ከቁጥሩም ሌላ ርቀት አለ። በሁለቱ ብሌኖች መሃል ያለው ርቀት፣ ባለሙያዎቹ ፒዲ የሚሉት፣ ለብዙ አዋቂ ሰው 63 ሚሊ ሜትር አካባቢ ነው፤ ሆኖም በ«አካባቢ» መነጽር አይሠራም። ቁጥሩ 5 የሆነ ሌንስ መሃሉ ከብሌኑ በ4 ሚሊ ሜትር ቢያፈነግጥ 2 ፕሪዝም ይፈጠራል፤ ዓይን የተዛነፈውን ምስል ሲያቃና ይውልና ማታ ራስ ይፈልጣል። 4 ሚሊ ሜትር የአንዲት ምስር ፍሬ ያህል ነው። ለፕሮግረሲቭማ ጣጣው ይብሳል፤ የእያንዳንዱ ዓይን ርቀት ለብቻው ይለካል፣ ከፍታውም ይለካል። ደንበኛው ፍሬሙን አድርጎ ቀጥ ብሎ ይቀመጣል፤ ለኪው በዓይኑ ትይዩ ተቀምጦ፣ ፍሬሙ ላይ ባለው ማሳያ ፕላስቲክ ላይ፣ ልክ ብሌኑ ያለበት ቦታ በእስክሪብቶ ነጥብ ያደርጋል። እኔን የለካችኝ ልጅ ቆማ ነበር፤ እኔ ተቀምጫለሁ። በእጇ ማስመሪያ፣ በጆሮዋና በትከሻዋ መሃል ስልክ ይዛለች። ማስመሪያው ግንባሬ ላይ እንዳለ «እሺ፣ ስንት ካሬ ነው?» ስትል ሰምቻታለሁ፤ ስለ እኔ አልነበረም። ነጥብ የሚባል ነገር አላየሁም።

ሌንሶሜትሩ ላይ አስቀምጡልኝ ስል «ባለሙያው ዛሬ የለም» ተባልኩ። ባለሙያው በተገኘ ቀን «የኛ ሥራ ትክክል ነው፤ ምናልባት ምርመራው ይሆናል፣ ሐኪምዎን ያነጋግሩ» አለኝ። ሐኪሙ ዘንድ ሄድኩ። «የኔ ቁጥር ትክክል ነው፤ መነጽር ቤቱ ይሆናል» አለ። ሁለቱም ትክክል ናቸው። የተሳሳተው ዓይኔ ብቻ ነው።

ስለ ወረቀት ካነሳን ጎረቤትዎን «ነፃ የዓይን ምርመራ»ን ዝም ብዬ አላልፍም። በር ላይ በትልቁ ተጽፎ ሰው ይጠራል። ደንበኛው አገጩን ኮምፒውተሩ ላይ ያሳርፋል፤ ማሽኑ ቁጥር አትሞ ይተፋል። ያ ቁጥር መነሻ ነው፤ ከዚያ በኋላ መርማሪው ሌንስ እየቀያየረ «ይሄ ይሻላል ወይስ ይሄኛው?» እያለ ማጥራት አለበት። በአንዳንድ ቤት ግን መነሻው መድረሻ ሆኖ ይቀራል። ወረቀቱን ስጡኝ ያለም «ነፃ የሚሆነው እዚህ ካሠሩ ነው» ይባላል። አሜሪካኖችም በዚሁ ነገር ተቸግረው ነበርና የፌዴራል ንግድ ኮሚሽናቸው እንደ እነሱ አቆጣጠር በ1978 ደንብ አወጣ፤ መርማሪው ምርመራውን እንደጨረሰ፣ ቢጠየቅም ባይጠየቅም፣ ተጨማሪ ሳያስከፍል የመነጽር ማዘዣውን ለታካሚው የመስጠት ግዴታ አለበት። እዚያ ያሉ ዘመዶቻችን ማዘዣቸውን ይዘው ወደ ፈለጉበት ሱቅ ይሄዳሉ። እኛ ጋ ወረቀቱ መሳቢያ ውስጥ ይቀራል። ወረቀቱ ከሌለ ደግሞ ሌንሶሜትሩ ከምን ጋር ያመሳክር?

የደረሰኙም ነገር ያው ነው። «ያለ ደረሰኝ ከሆነ እቀንስልዎታለሁ» የምትል ጣፋጭ ቃል አለች። 15 በመቶውን ቫት ብቻ የምትቀንስ ይመስላል፤ 15ቱን ቀንም አብራ ነው የምትወስደው። መግዛቱን ማሳየት የማይችል ሰው መቼ እንደገዛ ማን ይቆጥርለታል? ደረሰኝ የተቀበለውም ቢሆን ጊዜ የለውም፤ የካሽ ሬጅስተር ወረቀት በሙቀት የሚታተም ስለሆነ ኪስ ውስጥ ሲሰነብት ይደበዝዛል። የእኔማ ከዓይኔ ቀድሞ ነው የደበዘዘው።

ለእርስዎም ቢሆን ሐቅ ሐቅ ነው። ለአንድ ሰው ቁጥር የተቆረጠ ሌንስ ለሌላ አይሸጥም፤ ፍሬሙ መደርደሪያው ላይ ቢመለስ ሌንሱ ባለሱቁ እጅ ላይ ይቀራል፤ በውጭ ምንዛሪ የመጣ ሌንስ ነው። ደግሞም ፍሬሙን ሚስቱ ስላልወደደችለት «አይታየኝም» ብሎ የሚመጣ ደንበኛ አይጠፋም። ስኳሩ ከፍና ዝቅ የሚል ሕመምተኛም የዓይኑ ቁጥር አብሮ ሊዋዥቅ ይችላል፤ ያኔ ጥፋቱ የመነጽር ቤቱ አይደለም፣ «ስኳር አለብዎት ወይ?» ብሎ ሳይጠይቅ የመረመረው ራሱ ካልሆነ በቀር። ወረቀቱ ልክ ከሆነ፣ ሌንሱም ርቀቱም ልክ ከሆነ፣ ደንበኛው ይቻለው፤ ይልመደው። እኔም ይለካ ነው የምለው። እርስዎ ግን መለካት አይወዱም፤ አጭበርባሪውንም የተበደለውንም በአንድ ስቲከር ይሸኛሉ።

የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ ባለሥልጣን የሚባል መሥሪያ ቤት ነበር። በ2014 የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች እንደገና ሲደራጁ ሥራው ወደ ንግድና ቀጣናዊ ትስስር ሚኒስቴር ገባ። ታፔላ ወረደ፣ ታፔላ ተሰቀለ፤ እርስዎ ንቅንቅ አላሉም። የዋጋ ዝርዝር አልተለጠፈም ብሎ የሚቆጣ ተቆጣጣሪ አይቻለሁ፤ ቀና ብሎ እርስዎን አንብቦ «ይሄስ ከየትኛው ሕግ የመጣ ነው?» ያለ ግን እስካሁን አልገጠመኝም።

ስለዚህ ክቡር ሆይ፣ ቢያንስ ከመነጽር ቤት መስታወት ላይ እንዲወርዱልኝ በትህትና እጠይቃለሁ። በቦታዎ «መነጽርዎን ሲረከቡ ከወረቀትዎ ጋር ለክተን እናሳይዎታለን፤ 15ቱ ቀን ከተረከቡበት ዕለት ይቆጠራል» የሚል ይለጠፍ። ጽሑፉ በዛ ካሉ ፊደሉን ያሳንሱት፤ በወጉ መነጽር የተሠራለት ደንበኛ ያነበዋል።

ከሰላምታ ጋር

በአሮጌ መነጽሩ የጻፈው ደንበኛዎ

ግልባጭ፦

ለንግድና ቀጣናዊ ትስስር ሚኒስቴር፤ ሥራው እናንተ ጋ ስለገባ።

ለአቶ «ይለምዱታል»፤ ለሁለት ሳምንት ታግሠው እንዲያነቡት።

ለመነጽር ቤት ደንበኞች በሙሉ፤ የምርመራ ወረቀታችሁን ሳትቀበሉ አትውጡ፤ ደረሰኙን በዚያው ዕለት በስልካችሁ ፎቶ አንሱት፤ መነጽሩን ስትረከቡ ሌንሶሜትር ላይ አስቀምጠው እንዲያሳዩአችሁ ጠይቁ። ሁለት ሳምንት ታገሡ ካሏችሁም ቅሬታችሁን በጽሑፍ አስገብታችሁ፣ ቀን ያለበት ማኅተም አስመትታችሁ ታገሡ።