ሐምሌ ላይ ነቢይ መሆን

የስልካችን የአየር ሁኔታ መተግበሪያ እንዴት ያለ ደፋር ነው! ቆርቆሮው ላይ የሚወርደው ዶፍ የጎረቤትን ጨዋታ እየዋጠ፣ እሱ አሶሳን «ዛሬ ፀሐያማ» ይላታል። ሐምሌ ሲገባ ደግሞ «ዝናብ ይጠበቃል» ብሎ ይኮራል። ከግንቦት እስከ ጥቅምት በሚዘንብበት አገር ሐምሌ ላይ ዝናብ መተንበይ ሙያ ከሆነማ፣ የሰፈራችን ፍየልም ባለሙያ ናት፤ ያውም ቻርጅ አትፈልግም።

አይፈረድበትም። ስመ ጥሩው የአውሮፓ የትንበያ ሞዴል እንኳ ዓለምን የሚያያት በ9 ኪሎ ሜትር ገደማ ቆራርጦ ነው፤ ኮረብታና ሸለቆው እዚያው ይቀላቀላል። አሶሳ ከ1,500 ሜትር በላይ ከፍ ብላ፣ ኩርሙክ ሱዳን ድንበር ላይ ቆላ ወርዳ ሳለ፣ ስልኩ «ቤኒሻንጉል ጉሙዝ፦ 30 ዲግሪ» ቢለን የትኛዋን ማለቱ ነው?

«40 በመቶ ዝናብ» የምትለዋ ደግሞ ብልጥ ናት። ቢዘንብም ባይዘንብም አትረታም። ሰሊጡን አጭዶ ያቆመ ገበሬ ግን ሰሊጡ 40 በመቶ አይበሰብስለትም፤ ወይ ይተርፋል ወይ ይበላሻል።

ምንጭ የምትመርጡ ሰዎች፣ መጀመሪያ «አሶሳ ላይ የዝናብ መለኪያ አለህ ወይ?» በሉት። የኢትዮጵያ ሚቲዎሮሎጂ ኢንስቲትዩት አለው፤ በየአሥር ቀኑና በየወቅቱም መግለጫ ያወጣል። እርግጥ መግለጫው እንደ ስልኩ የምትስቅ ፀሐይ የለችበትም። ቢሆንም ልብስ ከማስጣታችሁ በፊት እሱን አንብቡ፤ ከዚያ ደግሞ እባካችሁ ወደ ሰማይ ቀና በሉ፣ በነፃ ነው።