ለተዘረረው 8 ከ10

«ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም» ብሎ የተረተው ሰው የቆላዋ ከተማ የአሰቦት መምህር አላጋጠመውም። መምህራችን ሁለቱም ዛፍ ላይ ከወጣ ቆይቷል። አንድ እግሩ ክፍል ውስጥ፣ ሌላው ኮሚቴ ውስጥ ነው፤ አንድ እጁ ሪፖርት ይጽፋል፣ ሌላው ፈተና ያርማል። የቀረው ቡጢ ብቻ ነውና እኔም ሐሳቤን በአክብሮት አቀርባለሁ፦ መምህሩ ቦክስ ይጀምር።

ሐሳቡን ከራሴ አላፈለቅሁትም። «መምህር እኮ ምን ሥራ አለው? ግማሽ ቀን አስተምሮ ግማሹን ይተኛል» የሚለውን የአዋቂዎች ቃል ከጭሮ እስከ አዲስ አበባ በየቢሮው፣ በየታክሲው፣ በየበርጫው ሰምቼ ነው። ትርፍ ጊዜ ያለው ሰው ስፖርት ቢሠራ ለጤናውም ለአገርም ይጠቅማል። አገርም ብትሆን እጅ ቸግሯታል፤ ኢትዮጵያ እስከ ዛሬ በኦሎምፒክ ያገኘችው ሜዳልያ ሁሉ በእግር የመጣ፣ የሩጫ ነው። በእጅ ያመጣነው አንድም የለም። ታዲያ ከመምህር የበለጠ እጁ የሠለጠነ ከየት ይገኛል?

እስቲ ሥልጠናውን እንየው። አንድ መምህር በሐሳባችን እናቁም። ስም አንሰጠውም፤ ልጆቹ ግማሾቹ «ቲቸር»፣ ግማሾቹ «ባርሲሳ» ይሉታል፤ ይበቃዋል። ስድስት ክፍል ያስተምራል፤ በየክፍሉ 65 ተማሪ ተጠቅጥቋል፤ ባጠቃላይ 390። ተከታታይ ምዘና የሚባለው ነገር በ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ከገባ ወዲህ ልጅ በአንድ ፈተና ብቻ ተመዝኖ አይጣልም። ሐሳቡ እንከን የለውም። የቤት ሥራ አለ፣ የቡድን ሥራ አለ፣ ቴስት አለ፣ ሚድ አለ፣ ፋይናል አለ። አምስት ጊዜ 390 ሲባዛ በአንድ መንፈቅ ዓመት 1,950 ወረቀት ነው። ለአንዱ ወረቀት ሁለት ደቂቃ እንስጠው፦ ስሙን ለማንበብ፣ የእጅ ጽሑፉን ለመፍታት፣ «አብራራ» ለተባለው የተሰጠውን መልስ ለመረዳት፣ ለመደመር፣ ማርክ ሊስት ላይ ለማስፈር። 3,900 ደቂቃ፣ ማለትም 65 ሰዓት ሆነ።

ባለ ሦስት ዙር የአማተር ቦክስ ግጥሚያ ከነዕረፍቱ 11 ደቂቃ ነው። መምህሩ በየመንፈቁ ከ350 በላይ ግጥሚያ ያደርጋል ማለት ነው፤ ለዚያውም በየዙሩ መሀል ወንበር የሚያቀርብለት፣ ውኃ የሚያጎነጨው፣ በፎጣ የሚያራግብለት ሰው ሳይኖር። እንዲህ ያለውን ሰው ጀማሪ ቦክሰኛ ማለት ነውር ነው።

ሁለቱ ሙያዎች ደግሞ ከጥንትም ዘመዳሞች ናቸው። በቦክስ ሪንግ አንዱ ማዕዘን ቀይ፣ ሌላው ሰማያዊ ነው፤ ተማሪው በሰማያዊ እስክሪብቶ ይጽፋል፣ መምህሩ በቀይ ይመልስለታል። ቋንቋችንም ምስክር ነው። ገበሬው ማሽላውን ያርማል፣ መምህሩ ፈተናውን ያርማል፣ ያጠፋ ሰው ማረሚያ ቤት ይገባል። በአገራችን የቦክስ ክለብ ካላቸው መካከል ፖሊስና ማረሚያ ቤቶች ይገኙበታል። ማረሚያ ቤት ቦክሰኛ ካወጣ፣ ቀን ከሌት የሚታረምበት ትምህርት ቤት ምን ጎደለው? ሕጉም አይከለክልም። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 36 ሕፃናት በትምህርት ቤት አካላዊ ቅጣት እንዳይደርስባቸው ደንግጓል፤ ለልምምድ ጆንያ ስለመምታት ግን ያለው ነገር የለም።

ፕሮግራሙ ቀላል ነው። ከሌሊቱ 11 ሰዓት፣ ቆላው መንደድ ሳይጀምር፣ በአሮጌው ሐዲድ ዳር ሩጫ። ጠዋት ማስተማር። ከሰዓት በኋላ ስብሰባ፣ የአንድ ለአምስት ውይይት፣ የሙያ ማሻሻያ ፋይል መሙላት። (አንድ ለአምስት ለቦክስ ጥሩ ልምምድ ነው፤ አንዱ ይቆማል፣ አምስቱ ይገጥሙታል።) አመሻሽ ላይ አሸዋ ሞልቶ ግራር ላይ የተንጠለጠለ ጆንያ መደብደብ። ከዚያ በተረፈው ጊዜ እርማት።

ይህ የተረፈ ጊዜ ምን እንደሚመስል ከሌሊቱ አምስት ሰዓት ላይ በመስኮቱ አጮልቀን እንይ። በሩ ለነፋስ ተከፍቷል፤ ነፋሱ አልመጣም። የገባው የእሳት ራት ነው፤ አምፖሉን በግንባሩ እየደበደበ ይለማመዳል። የፕላስቲክ ወንበሩ ላይ 65 ወረቀት አለ፤ የቀረው 325 በፌስታል ታስሮ አልጋው ሥር ተራውን ይጠብቃል። ጆንያ ሲመታ ያመሸው እጅ ስለሚንቀጠቀጥ የትክክል ምልክቱ ከስህተቱ መስቀል አይለይም። ከግንባሩ የወረደ ላብ ሰማያዊው ቀለም ላይ ጠብ አለና አንድ ሙሉ መልስ ይዞ ፈሰሰ። መልሱ ትክክል ይሁን ስህተት ከእንግዲህ የሚያውቀው ፈጣሪ ብቻ ነው። መምህሩ ግን ደግ ሰው ነው፤ ሙሉ ነጥብ ሰጠው። ቀጣዩን አላነበበውም፤ ርዝመቱን አይቶ 8 ጻፈ። ሰዓቱ ሲገፋ ጫቱን ጎረሰ፤ ምርቃናው ሲመጣ እጁ ተፈታ፣ ልቡም ሰፋ፣ አርባ ወረቀት በ9 አለፈ። ሊነጋ ሲል ድብርቱ መጣና የመጨረሻዎቹ ሃያ ከ4 አልዘለሉም። አብረው ያጠኑ፣ አንድ ዓይነት መልስ የጻፉ ሁለት ልጆች፣ የአንዱ ወረቀት ከመሀል የሌላው ከታች ስለነበረ፣ ነገ አንዱ ጎበዝ ሌላው ሰነፍ ሆነው ይነሣሉ። 

ይህን የሚነቅፍ ሰው ካለ ቦክስ አያውቅም። በመስከረም 1981 በሴኡል ኦሎምፒክ ፍጻሜ አሜሪካዊው ሮይ ጆንስ ኮሪያዊውን ፓርክ ሲ-ሁንን ቀጠቀጠው፤ ያረፉት ቡጢዎች ሲቆጠሩ 86 ለ 32 ነበሩ። ዳኞቹ 3 ለ 2 ለተቀጠቀጠው ፈረዱ። ኢትዮጵያ በዚያ ኦሎምፒክ አልተካፈለችም፤ ነገር ግን ትምህርቱ አላመለጠንም፤ በራሳችን መንገድ ደርሰንበታል። የኦሎምፒክ ቦክስ ከዚያ ውርደት በኋላ ነጥብ በኮምፒውተር መያዝ ሞከረ፤ ውሎ አድሮ ግን ፕሮፌሽናሎቹ ወደሚሠሩበት የ10 ነጥብ ስሌት ገባ። ስሌቱ እንዲህ ነው፦ ዙሩን ያሸነፈ 10 ያገኛል፣ የተሸነፈ 9። በፕሮፌሽናሎቹ ዘንድ በዙሩ አንድ ጊዜ ጀርባው መሬት የነካ ሰው እንኳ ብዙውን ጊዜ 8 ይያዝለታል።

ለተዘረረው 8 ከ10! ይህ የእኛ ተከታታይ ምዘና ካልሆነ ምንድን ነው? ለተሳትፎ 5፣ ለደብተር ንጽሕና 5፣ ለሥነ ምግባር 5፣ ለቡድን ሥራ 10። (የቡድን ሥራ ማለት አንዷ ትሠራለች፣ አምስቱ ስማቸውን ይጽፋሉ፤ አንድ ለአምስት ያልኳችሁ ይኸው ነው።) የወደቀ እንዳይወድቅ ተብሎ ሁሉም ቆሞ ይጨርሳል። ውጤቱም ከአሰቦት ወደ ወረዳው፣ ወደ ሚኤሶ ይሄዳል፤ ከሚኤሶ አቀበቱን ይዞ ወደ ዞኑ፣ ወደ ጭሮ ይወጣል። አገሩ ከፍ ባለ ቁጥር ቁጥሩም ከፍ ይላል። ቆላ ላይ «ደካማ» የነበረው ልጅ ደጋው ሲደርስ አየሩ ተስማምቶት «አጥጋቢ» ይሆናል።

አንድ እንቅፋት ግን አለ። ቦክስ ውስጥ ዝረራ የሚባል ነገር አለ። ተዘርሮ 10 እስኪቆጠር ያልተነሣ ሰው ቀድሞ የሰበሰባቸው 9ኞችና 8ቶች ቢደመሩ አያድኑትም። የእኛ ዝረራ የ12ኛ ክፍል ፈተና ነው። ፈተናውን የሚያርመው ማሽን ነው፤ ማሽን አያልበውም፣ አይመረቅንም፣ አይደበርም፣ የደብተር ንጽሕናም አያውቅም። የ2014 ተፈታኞች ዩኒቨርሲቲ ግቢ ገብተው ሲፈተኑ ከ896,520 ውስጥ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 29,909 ብቻ ሆኑ፤ 3.3 በመቶ። በዓመቱ 3.2፣ ቀጥሎ 5.4። አያችሁልኝ፤ እነዚህ ልጆች እኮ 12 ዓመት ሙሉ በየዙሩ 9 እየተያዘላቸው የመጡ ናቸው። አገር ደነገጠ። መምህሩ ብቻ አልደነገጠም፤ እሱ ወንበሩ ላይ ያለውን 65 ወረቀት ያውቀዋል።

በዚህም ቢሆን ከቦክስ እኛ እንሻላለን። እነሱ ለወደቀ ሰው የሚቆጥሩት እስከ 10 ነው። እኛ ደጎች ስለሆንን እስከ 12 እንቆጥራለን፦ አንደኛ ክፍል፣ ሁለተኛ ክፍል፣ ሦስተኛ ክፍል… ልጁ መሬት ላይ እንደተኛ ቆጠራው ያልቃል። አማተር ቦክሰኛ ጭንቅላቱን ተመትቶ ከተዘረረ ቢያንስ ለ30 ቀን ሪንግ እንዳይገባ ሐኪም ያግደዋል። እኛ ዘንድ የተዘረረው ዕድል ከቀናው ሪሚዲያል ይገባል፤ አራሚው ደግሞ በሚቀጥለው ሰኞ አዲስ 390 ወረቀት ይረከባል።

እንግዲህ ቦክሱ ይቅርና አንድ ነገር በቁም ነገር ልበል። ወረቀት ሳይነበብ ነጥብ የሚሰጠው መምህር ሰነፍ ስለሆነ ብቻ አይደለም፤ 65 ሰዓት የሚፈጅ ሥራ አዝዘን፣ ሰዓቱን ሳንሰጥ፣ ውጤቱን ግን በቀኑ ስለምንጠብቅ ነው። የማይነበብ ምዘና አምስት ጊዜ ከሚሰጥ የሚነበብ ሁለት ጊዜ ይሻላል። እርማት ሥራ ከሆነ እንደማንኛውም ሥራ ሰዓት ይቆረጥለት፤ ሰዓት ከሌለ ወረቀቱ ይቀነስ።

ካላመናችሁኝ አሰቦት ወይም ጭሮ፣ ሂርና ወይም በዴሳ፣ አንዱ ትምህርት ቤት ጎራ በሉና ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን የክፍለ ጊዜ ድልድል አንብቡ። ስፖርት ሰዓት ተመድቦለታል። «እርማት» የሚል ግን ፈልጋችሁ አታገኙም።