ስለ ዳቦ ቆሎ ጫፍ

ያለ እርሾ ከሚሠሩት ምግቦቻችን ሁሉ የጠባይ ጽናት ያለው ዳቦ ቆሎ ነው። ቂጣ ምንም ቢደርቅ ወጥ ሲነካው እጁን ይሰጣል። ዳቦ ቆሎ ግን ትኩስ ሻይ ውስጥ ገብቶም ለረጅም ጊዜ አቋሙን አይቀይርም። ስለ ጤፍ ብዙ ተጽፏል፤ ስለ ቡናም እንዲሁ። ዳቦ ቆሎ ይህን ሁሉ ዘመን በዝምታ ሲቆረጠም ቆይቶ አንድ ደህና ጥናት እንኳ ሳይሠራለት መቅረቱ ያስቆጫል። ይህ ጽሑፍ ክፍተቱን ይሞላል።

አሠራሩ የታወቀ ስለሆነ በአጭሩ እናልፈዋለን። የስንዴ ዱቄት፣ ጨው፣ ጥቂት ስኳር፣ ዘይት ወይም ቅቤ፣ እንደ ቤቱ ጠባይ በርበሬ። ውኃው ጠብ ጠብ እየተደረገ ጠንከር ብሎ ይታሻል፤ ተሸፍኖ ግማሽ ሰዓት ያህል ያርፋል። ማረፉ ለወግ አይደለም፤ ገና የታሸ የስንዴ ሊጥ ተወጥሮ ስለሚቆይ ቢስቡት ተመልሶ ይሰበሰባል፣ ሲያርፍ ግን ይላላል። ከዚያ እየተንከባለለ ገመድ ይሆናል፣ ገመዱ ይቆረጣል፣ ፍሬው ምጣድ ላይ ይቆላል። በጾም ቀን ቅቤው ይቀራል፤ ሌላው ሕግ አይለወጥም። እርሾ የሚያስገቡ ቤቶች እንዳሉ ይሰማል። ይህ ጥናት እነሱን በዝምታ ያልፋቸዋል።

ያለ እርሾ የመጋገር ጉዳይ ሌላውንም ዓለም አስጨንቋል። የበርሚንግሃሙ መድኃኒት ቀማሚ አልፍሬድ በርድ እ.ኤ.አ. በ1843 ያለ እርሾ ሊጥ የሚነፋ ዱቄት፣ ዛሬ ቤኪንግ ፓውደር የምንለውን፣ ያዘጋጀው እርሾ ለማይስማማት ሚስቱ ሲል ነው። ሰውየው የሚመሰገን ባል ነው። ዳቦ ቆሎ የምትቆላ እናት በአጠገቡ ብትኖር ኖሮ ግን «ለመሆኑ ይነፋ ያለው ማን ነው?» ብላ ከብዙ ድካም ታድነው ነበር። ሊጡ ካልተነፋ እርጥበት የሚደበቅበት ሆድ የለውም፤ ውኃው እምጣዱ ላይ ያልቃል፤ ውኃ በሌለበት ሻጋታ አይኖርም፤ ፍሬው ለሳምንታት ይቆያል። ይህ ሁሉ የሚገኘው ምንም ባለመጨመር ነው።

እንግሊዞች በመርከብ ብስኩታቸው ሲኮሩ እንሰማለን። በግሪንዊች የባሕር ሙዚየም እ.ኤ.አ. በ1784 ለአንዲት ወይዘሪት የተሰጠ ብስኩት፣ ቀኑ በራሱ በብስኩቱ ላይ ተጽፎበት፣ ተቀምጧል። ከታይታኒክ የነፍስ አድን ጀልባ የተረፈ ሌላ ብስኩት ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2015 በ15,000 ፓውንድ ተሸጧል። ዳቦ ቆሎ ለዚህ ማዕረግ ያልበቃው መቆየት ስለማይችል አይደለም። የሚተርፍ ስለማይገኝ ነው።

ዳቦ ቆሎ እንደ መድረሻው በሦስት ይከፈላል። የዶርም ዳቦ ቆሎ እናት ለወር ይበቃዋል ብላ የላከችው፣ ፌስታሉ በተፈታበት ማታ የሚያልቅ ነው። የቡፌ ዳቦ ቆሎ ለእንግዳ ተብሎ የሚቆለፍበት ሲሆን ቁልፉ የት እንዳለ የቤቱ ልጆች ሁሉ ያውቃሉ። የሻንጣ ዳቦ ቆሎ ወደ ዋሽንግተን ወይም ወደ ዱባይ ይሄዳል። ሚዛኑ 23 ኪሎ ላይ እምቢ ሲል መጀመሪያ ጫማ ይወጣል፣ ቀጥሎ ጃኬት፣ ቀጥሎ የሕክምና ወረቀት። ዳቦ ቆሎው እስኪወጣ ድረስ የተራቆተ ሻንጣ እስካሁን አልታየም።

ይህ አከፋፈል ግን የውጭውን ብቻ የሚያይ ነው። የውስጡን ሰው ለማወቅ የሚፈልግ ተመራማሪ መመልከት ያለበት ጫፉን ነው።

ማንኛውም የሊጥ ገመድ ሁለት ጫፍ አለው። ይህን ለማስቀረት እስካሁን የተገኘ መላ የለም። ከመሐል የተገኘ ፍሬ በሁለት በኩል ቢላዋ ያረፈበት፣ ሽንብራ የሚያክል፣ ጨዋ ፍሬ ነው። ጫፍ ግን ቢላዋ ያገኘው በአንድ በኩል ብቻ ነው፤ በሌላው በኩል እንደ አይጥ ጭራ ሾሎ ይቀራል።

ከአንድ ረጅም ገመድ 40 ፍሬ ቢቆረጥ ሁለቱ ጫፍ ናቸው፤ ከ20 አንድ ማለት ነው። ገመዱ አጥሮ 10 ፍሬ ብቻ ቢወጣው ጫፎቹ አሁንም ሁለት ናቸው፤ ከ5 አንድ። እንግዲህ በአንድ እፍኝ ውስጥ የሚገኘው የጫፍ ብዛት የሠሪዋን ትዕግሥት ያለ ምስክር ይናገራል። ይህን «የጫፍ ምጣኔ» እንበለው። አማቶች ስሙን አያውቁትም እንጂ ስሌቱን ከጥንት ጀምሮ ይሠሩበታል። አዲስ ምራት የላከችውን ዳቦ ቆሎ መዳፋቸው ላይ ዘርግተው፣ በአውራ ጣት ወዲያ ወዲህ ገፋ ገፋ አድርገው፣ «እጇስ ፈጣን ነው» ካሉ ምስጋና እንዳይመስላችሁ።

የጫፍ ትልቁ ችግር ምጣድ ላይ ይገለጣል። ሊጥ ውስጡ ውኃ እስካለ ድረስ ሙቀቱ ከ100 ዲግሪ ብዙም አያልፍም። ጫፍ ቀጭን ነውና ውኃውን ቶሎ ይጨርሳል፤ ከዚያ በኋላ ሙቀቱ ወደ 140 ዲግሪ ሲጠጋ ፈረንሳዊው ሉዊ ካሚል ማያር እ.ኤ.አ. በ1912 ያስረዳው የመቅላትና የመጥቆር ሥራ ይፋጠናል። ማያር ስለ ዳቦ ቆሎ ጫፍ ያለው ነገር የለም፤ በሳይንስ ታሪክ ውስጥ ይህን የመሰለ ዝምታ ጥቂት ነው። በአጭሩ፣ መሐሉ ጥሬ ሳለ ጫፉ ደርሷል፤ መሐሉ ሲደርስ ጫፉ ከስሏል። ቆይዋ ለማን ትፍረድ?

በዚህ ጥያቄ ላይ ሦስት ወገኖች አሉ።

ቆራጮች ሹሉን ጫፍ ቆርጠው ወደ ሊጡ ይመልሱታል። ሐሳቡ የተቀደሰ ነው፤ ነገር ግን ከተመለሰው ሊጥ የሚሠራው ገመድም ጫፍ አለው። እሱም ይቆረጣል፣ ይመለሳል። በዚህ መንገድ ሲኬድ መጨረሻ ላይ ገመድ ለመሆን የምታንስ፣ ፍሬ ለመሆን የምትበዛ አንዲት ጭብጥ ሊጥ ትቀራለች። ለእሷ የቆራጮች ወገን መልስ የለውም። ብዙውን ጊዜ አጠገብ ላለ ሕፃን ትሰጣለች። ሕፃኑ ወፍ ይሠራባታል፣ መሬት ይጥላታል፣ ያነሣታል፤ ወፏም ከሌሎቹ ጋር ምጣድ ላይ ትወጣለች። ክንፏ ያራል፣ ሆዷ ሊጥ እንደሆነ ይቀራል፣ ሕፃኑም በኩራት ይበላታል። የዚህ ጥናት ወሰን ወፍን አይጨምርም።

ደፍጣጮች ጫፉን በአውራ ጣት ጫን አድርገው ድፍን ያስመስሉታል። ከሩቅ ሲታይ መሐል ይመስላል። ይህ ማጭበርበር ነው፤ የጣት አሻራውም ይቀራል።

ዝም ባዮች ምንም አያደርጉም። አብዛኛው ሕዝብ የዚህ ወገን ነው፤ ለሳይንስ የሚበጀውም እሱ ነው፤ ምክንያቱም ጫፍን በተፈጥሮው ማየት የሚቻለው እነሱ ቤት ብቻ ነው። እዚያ የሚገኙት ጫፎች ሹል፣ መንታ እና ጠማማ ናቸው። (ጠማማ ራሱ ብዙ ንዑስ ክፍል አለው፤ እመለስበታለሁ።) ሹል ድድ ይወጋል። መንታ ሁለት ጫፎች ምጣድ ላይ ተነካክተው አብረው ሲደርቁ የሚፈጠር ነው፤ ልጆች ሲያገኙት ለማን እንደሚገባ ይጣላሉ፤ ይላቀቁ ተብሎ ሲሞከር ሁልጊዜ አንዱ ይሰበራል፣ ዋናው ጠብም ያኔ ይጀምራል።

አንድ ነገር ሳይነገር መታለፍ የለበትም። ጫፍ አጥብቀው የሚወዱ ሰዎች አሉ። ያረረ ነገር የሚጥማቸው፣ ሳህኑን በአንድ ጣት እያተራመሱ ከሰል ከሰል የሚለውን ብቻ እየለቀሙ፣ ሌላውን በእጃቸው አዳርሰው የሚተዉ ናቸው። በየቤቱ ቢያንስ አንድ አይጠፋም። ተመራማሪ ስሜቱን መግለጽ አይገባውም፤ ነገር ግን ሳህኑ የጋራ ነው፣ ጣቱ ደግሞ የጋራ አይደለም።

እነዚህ ሰዎች ቢያውቁት ፍለጋ አያስፈልጋቸውም ነበር። ትልቅና ትንሽ ፍሬ የተቀላቀለበት ዕቃ ሲነቀነቅ ትንንሹ በክፍተቱ እየሾለከ ወደ ታች ይወርዳል። ዳቦ ቆሎው የሚቀመጥበት የኒዶ ጣሳ ከመደርደሪያ በወረደና በወጣ ቁጥር፣ ልጅ በሸሸገውና እናት በፈለገችው ቁጥር ይነቀነቃል። ስለዚህ የጣሳው አፍ መሐል ነው፤ ታቹ የጫፍ አገር ነው። በመጀመሪያው ቀን የመጣ እንግዳ ስለ ሴትዮዋ ሙያ መስክሮ ይሄዳል። በሁለተኛው ሳምንት የመጣው በዝምታ ሻዩን ይጠጣል። ሁለቱም የቀመሱት ከአንድ እጅ የወጣ ነው። በሙያ ላይ የሚሰጥ ምስክርነት ሁሉ ጣሳው ምን ያህል እንደጎደለ አብሮ ቢጠቅስ መልካም ነው።

ወደ ጠማማ ጫፍ ንዑስ ክፍሎች እመለሳለሁ ብዬ ነበር። ብዙ ናቸው፣ ሁሉም ጠማማ ናቸው፣ ሁሉም ሲበሉ አንድ ናቸው።

ጣሳውን በተመለከተ ግን አንድ ማሳሰቢያ አለ። ከነዳቦ ቆሎው ወስዳችሁ እስካሁን ያልመለሳችሁ ካላችሁ መልሱ። የማን ቤት እንዳለ ይታወቃል፤ የሚጠበቀው እናንተ እንድታስታውሱት ነው። ባዶውን መመለስ ነውር ነውና ምንም ብታጡ ስኳር አድርጉበት።